ልጄ ከአይሁድ ዴይ ስኩል ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰበት ሳምንት፦ ለምትከተሉ ወላጆች

ሜሪላንድ ውስጥ ልጆቻችንን የአይሁድ ዴይ ስኩል (ሃይማኖቱና መደበኛው ትምህርት አብረው የሚሰጡበት የግል ትምህርት ቤት) የምናስተምር አማርኛ ተናጋሪዎች በጣት የምንቆጠር ነን። አብዛኞቻችን በእስራኤል በኩል የመጣን ቤተ እስራኤል ነን። ስለዚህ አንድ ነገር ግራ ሲገባን "እናንተስ እንዴት አደረጋችሁ?" ብለን የምንጠይቀው ሰው የለም። ልጄ በ2024 ስምንተኛ ክፍልን ሲጨርስ እኔ የትምህርት ቤቱን ፀሐፊ በጥያቄ አሰልችቻታለሁ። ሰሞኑን ደግሞ ልጆቻቸው ተራው የደረሳቸው እናቶች ይደውሉልኛል። በስልክ አውርቼ ስለማልጨርሰው ይኸው ጻፍኩት። ልጆቻችሁን ካቶሊክ ወይም ሌላ የግል ትምህርት ቤት የምትልኩ ጎረቤቶቼም የወረቀቱን ጣጣ ብታነቡት አይጎዳችሁም፤ እሱ ለሁላችንም ያው ነው።

በቅርብ ከእስራኤል ለመጣችሁ አንድ ነገር ላስቀድም። እዚያ ሃቲቫ የምንለው ከሰባተኛ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ነው። እዚህ ሚድል ስኩል ስምንተኛ ላይ ያልቃል፤ ዘጠነኛ ክፍል ሃይስኩል ነው። ገና አንድ ዓመት አለን ብላችሁ ስትዝናኑ ምረቃው ይደርስባችኋል። ሃይስኩል የመምረጡ ነገርም የሚያልቀው በብርዱ ወራት ነው እንጂ በመጨረሻው ሳምንት አይደለም። በዚያ ሳምንት ልጆቹ ማን የት እንደሚሄድ ሁሉን ያውቃሉ። አንዳንዱ የአይሁድ ሃይስኩል፣ አንዳንዱ ባልቲሞር ወዳለ የሺቫ (የሃይማኖት ትምህርት ቤት)፣ አንዳንዱ እንደኛ ልጅ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ነው። የእኛ ምክንያት ገንዘብ ነው፤ አልደብቅም። በአካባቢያችን የዴይ ስኩል ክፍያ በዓመት ከ30,000 ዶላር ያልፋል፤ የክፍያ ድጋፍ እንኳ አግኝታችሁ ሁለተኛ ልጅ ሲጨመር ይከብዳል።

አሁን ወደ ሳምንቱ። መጀመሪያ የምትከፍቱት የአይሁድን ካላንደር ይሁን። ሻቩኦት (ኦሪት የተሰጠበት በዓል) አንዳንድ ዓመት ሜይ ላይ ይውላል፤ አንዳንድ ዓመት ደግሞ ጁን ውስጥ ገብቶ የትምህርት መዝጊያውን መሃል ለመሃል ይቆርጠዋል። በ2024 የዋለው ጁን 12 እና 13፣ ረቡዕና ሐሙስ ነበር። እስራኤል ውስጥ አንድ ቀን ነው፤ ከእስራኤል ውጪ ሁለት ቀን ይከበራል። የእኛ ትምህርት ቤት ሰኞና ማክሰኞ አስተምሮ ዘጋ፣ አርብ ግማሽ ቀን ከፈተ፣ ምረቃው ሰኞ ማታ ሆነ። በእነዚያ ሁለት ቀናት ማንም ስልክ አያነሳም፣ ኢሜይል አይመልስም፣ አታሚው ስም አያርምም። ከእንግዳ ዝርዝር ጀምሮ የሚታረም ነገር ካላችሁ ማክሰኞ ቀትር ሳይደርስ ጨርሱት።

ፈተናዎቹን ብዙ አላወራባቸውም። ጠዋት የኦሪት፣ የሚሽና (የጥንት ራቢዎች የሕግ መጽሐፍ) እና የዕብራይስጥ፣ ከሰዓት የሂሳብና የሳይንስ ነው፤ አብዛኛው ከሻቩኦት በፊት ባለው ሳምንት አልቋል። የቀረው የሚሽና የቃል ፈተና ነበር። ልጄ ሻወር ውስጥ ሆኖ ሲያነበንብ ቤቱ ሁሉ በቃሉ ያዘው። ታናሽ እህቱ እስካሁን አልረሳችውም።

የእኛን ቤት ያመሰው ንግግሩ ነው። በምረቃው ላይ እያንዳንዱ ተመራቂ ሁለት ደቂቃ ይናገራል። አጭር ድቫር ቶራ፣ ማለትም ከኦሪት የተነሳ ንግግር፣ ሊሆን ይችላል፤ ከትምህርት ቤቱ ያገኘውን መናገርም ይችላል። አስተማሪዋ በቅን ልብ ነው፣ "አባትህ በሱዳን በኩል ስለመጡበት ጉዞ ብትናገር ደስ ይለናል" አለችው። የባለቤቴ ቤተሰብ በ1984 በእግር ሱዳን ገብተው በሙሴ ዘመቻ (ቤተ እስራኤልን ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ባጓጓዘው) የወጡ ናቸው። እኔ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከአዲስ አበባ ነው የመጣሁት። ታሪክ ሞልቶናል። ልጄ ግን ቤት መጥቶ ቦርሳውን ወረወረና፣

"ኢማ፣ ሁሌ ስለ ሱዳን! ስግድ ሲሆን እኔ፣ የኢየሩሳሌም ቀን ሲሆን እኔ። እነሱ ስለፈለጉት ይናገራሉ፣ እኔ ግን ሁሌ ስለ ሱዳን!" አለኝ።

እውነቱን ነው። በየዓመቱ ኖቬምበር አካባቢ የእኛ የቤተ እስራኤል በዓል ስግድ ሲደርስ መድረክ ላይ የሚወጣው እሱ ነው። በሱዳን መንገድ ላይ የቀሩት ወገኖቻችን እስራኤል ውስጥ የሚታሰቡት በኢየሩሳሌም ቀን ነው፤ ያ ቀን ደግሞ በ2024 የዋለው ጁን 5 ነበር። ልጁ ገና በሳምንቱ ነው እንደገና ተናገር የተባለው። ከክፍሉ ከእኛ ወገን እሱ ብቻ ስለሆነ ገና ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አምባሳደር አድርገውታል። በአሥራ አራት ዓመቱ ቢሰለቸው አይፈረድበትም።

ባለቤቴ ትንሽ ከፋው። "እንዲያ የሞትንበት መንገድ አሰልቺ ሆነ?" አለ። ለሁለት ቀን ቤታችን ውስጥ ቡና ሲጠጣ እንኳ ዝም ነበር። እኔ ግን ከልጁ ጋር ቆምኩ። ታሪኩን ያውቀዋል፤ ሲጠየቅ ሳያፍር ይናገረዋል። ይህቺ ሳምንት ግን የሱ ናት። ለአስተማሪዋ ራሱ ጻፈላት፣ እሷም ያለ ምንም ቅሬታ "የፈለግከውን ምረጥ" አለችው። እናንተም ጋ ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ልጁን ሳትጠይቁ "እሺ" አትበሉ።

የመረጠው የሳምንቱን ፓራሻ፣ ማለትም በዚያ ሳምንት ምኩራብ የሚነበበውን የኦሪት ክፍል ነው። ያን ሳምንት የሚነበበው ናሶ ነበር፤ ከኦሪት ፓራሻዎች ሁሉ ረጅሙ፣ 176 ቁጥር አለው። ውስጡ አሥራ ሁለቱ የነገድ አለቆች መባ ሲያመጡ ይነግራል። ሁሉም ያመጡት አንድ ዓይነት ነው፤ 130 ሰቅል የሚመዝን የብር ወጭት፣ 70 ሰቅል የሆነ የብር ድስት፣ 10 ሰቅል የሆነ የወርቅ ጭልፋ። ኦሪት ግን "የተቀሩትም እንዲሁ" ብላ አታልፍም። ለእያንዳንዱ አለቃ ስሙን ጠርታ ሁሉንም እንደገና ትዘረዝራለች። ልጄ ይህን ይዞ፣ "እኛም ሁላችንም አንድ ዓይነት ፈተና ተፈትነን፣ አንድ ዓይነት የቱና ሳንድዊች በልተናል፤ ግን እኛም እንደ አለቆቹ አሥራ ሁለት ጊዜ፣ በየስማችን ልንጻፍ ይገባል" አለ። ቱናው ላይ አዳራሹ ሳቀ። አባቱም ሳቀ።

ወደ ምግቡ ልምጣ፤ ሐበሻ ያለ ምግብ ምን ድግስ ያውቃል። አርብ ጠዋት ሲዩም ነበር፤ ልጆቹ አንድ የሚሽና ክፍል ተምረው ሲጨርሱ የሚደረግ ትንሽ ድግስ ነው፤ ወላጅ ይጠራል፣ ይበላል። እናቴ ከነታኒያ ደውላ "ድፎ ሳይቆረስ ልጅ አይመረቅም" ብላ ወሰነች። ችግሩ እንደነዚህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ከቤት የተሠራ ምግብ አያስገቡም። የታሸገና ሄክሸር (ምግቡ ኮሸር፣ ማለትም በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ መሆኑን የሚያረጋግጥ ምልክት) ያለው መሆን አለበት፤ እሽጉ ላይ የኦዩ ወይም እዚሁ ባልቲሞር ያለው የስታር ኬ ምልክት ትፈልጋላችሁ። ቤታችሁ የቱንም ያህል ኮሸር ቢሆን ወጉ ለሁሉም አንድ ነው፤ ስለዚህ አትቀየሙ። ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት የሐበሻ ሱቆች የምትገዙት እንጀራና በርበሬም ሄክሸር ስለሌለው አይገባም።

ግን መላ አለ። የወጥ ቤቱን ማሽጊያሕ፣ ማለትም የኮሸሩን ተቆጣጣሪ፣ ቀደም ብላችሁ አነጋግሩት። እኔ ስነግራቸው ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና "ለምን እዚሁ አትጋግሪውም?" አሉኝ። የሚገባውን ነገሩኝ፦ ያልተከፈተ ዱቄት፣ ያልተከፈተ እርሾ፣ ዘይት። ቅቤም ወተትም አይነካውም፤ ዳቦ በሕጉ ፓርቭ (ወተትም ሥጋም የሌለበት) መሆን አለበት። አርብ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ወጥ ቤቱን ከፈቱልኝ። ዱቄቱን ራሳቸው ነፉት። ጥቁር አዝሙዱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ነጭ ሳህን አመጡና በተኑት፣ መብራቱን አቀረቡ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ነፍሳት እንዳለበት ፍሬ በፍሬ ፈተሹት። ከዚያ ቆንጥረው አሸተቱና "ይሄ ነገር ለምንድን ነው ሌላ ዳቦ ላይ የማይጨመረው?" አሉ።

ሊጡ ኩፍ ብሎ መጋገሪያው ሲደርስ ደግሞ ወደ ኋላ አሉና "እሳቱን እርስዎ ያብሩት" አሉኝ። ነገሩ ሕግ ነው፤ እሳቱን የሚያቀጣጥለው አይሁዳዊ መሆን አለበት፣ እርሳቸውም ማብራት ይችሉ ነበር። የእስራኤል የሴፋርዲ ዋና ራቢ የነበሩት ራቭ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ከወሰኑ ሃምሳ ዓመት አልፏል። ከዚያም በኋላ ግን ስንቶቻችን "በእርግጥ አይሁድ ናችሁ?" እየተባልን በየቢሮው ተመላልሰናል። ቁልፉን አዞርኩት። ለእናቴ በስልክ ስነግራት "እስቲ እንደገና በይኝ፣ ምን አሉሽ?" አለችኝ።

ድፎው በአሥር ደቂቃ አለቀ። ከባዶ ትሪው ላይ ፍርፋሪ የሚለቅሙትን ሰባተኛ ክፍሎች ማሽጊያሑ አባረሯቸው። አንድ ነገር ግን እርሱት፦ ከሰልና ዕጣን። የጭስ ማንቂያው ከጮኸ እሳት አደጋ ነው የሚመጣው፤ ቡናውን በቴርሞስ አቅርቡ።

ለአስተማሪ ስጦታ የክፍሉ ወላጆች ገንዘብ ያሰባስባሉ። የሚላከው መልእክት መጠን ሊጠቅስ ይችላል። የአቅማችሁን ስጡ፤ ማንም አይቆጥርም። እኔ ከዚያ ሌላ ለዕብራይስጥ አስተማሪው የሲዳማ ቡና ሰጠሁት። ምንም ጣዕም ያልተጨመረበት የተቆላ ቡና ብዙዎቹ ያለ ሄክሸር ይቀበላሉ፤ እናንተ ግን ጠይቃችሁ ስጡ።

ቅዳሜ ማታ የልጆቹ ፓርቲ ነበር፣ አንዱ ልጅ ቤት። "ማታ" ስል ማታ ማለቴ ነው። ጁን ላይ እኛ አካባቢ ሰንበት የሚወጣው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ግድም ነው፤ ልጆቹ የሚጀምሩት ሌላው ሰው ሊተኛ ሲል ነው። እንቅልፍ የምትወዱ ከሆነ ከሌላ ወላጅ ጋር ተነጋገሩ፤ አንዱ ይወስዳል፣ አንዱ ይመልሳል።

አሁን ስለ ስም። ይህ የእኛ የብቻችን ጣጣ ስለሆነ ልብ ብላችሁ አንብቡ። የአይሁድ ትምህርት ቤቶች በር ላይ ጥበቃ አለ፤ የታጠቀ ጥበቃ። የምረቃው እንግዳ ሁሉ ስሙ አስቀድሞ ይመዘገባል፣ በሩ ላይ መታወቂያ ይታያል። እኛ ደግሞ አባታችንን ነው የምንጠራው። እኔና ባለቤቴ አንድ ዓይነት የቤተሰብ ስም የለንም፣ የባለቤቴ ወንድም መታወቂያ ላይ ያለው እስራኤል ሲገባ የወጣለት የዕብራይስጥ ስም ነው፣ እቤት የምንጠራው ግን በሌላ ነው። ዝርዝሩ ላይ የምትጽፉት መታወቂያው ላይ ያለውን ስም ነው፤ እኛ የምንጠራውን አይደለም። "የልጁ አጎት" የሚል ማብራሪያ ጎኑ ጨምሩበት። ከሌላ ትምህርት ቤት ምረቃ ላይ አንዲት ጓደኛዬ አክስቷን አስገባለሁ ስትል ግማሹ ሥነ ሥርዓት አምልጧታል።

ዲፕሎማው ላይም እንዲሁ። የዕብራይስጥ መስመር አለው፦ እገሌ የእገሌ ልጅ ይላል። ቅጹ ሲሞላ የአባትየውን "የዕብራይስጥ ስም" ይጠይቃል። ባለቤቴ ሌላ ስም አላወጣም፤ አማርኛ ስሙ እንዳለ በዕብራይስጥ ፊደል ይጻፍልኝ አለ፣ ጻፉለት። የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ግን አንድ ፊደል ጎድሎ ነበር። ረቂቁን አሳዩን በሉ። አብዛኛው ሰው አይጠይቅም፣ እነሱም ሳይጠየቁ አያሳዩም።

ምረቃው ሰኞ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀመረ። እናቴ ጋ ለሊቱ ሰባት ሰዓት ነበር። ሰባት ሰዓት ነው የሚለየን። በዚያ ዓመት ስምንተኛ ክፍሎች እስራኤል ሊሄዱ የነበረው ጉዞ በጋዛው ጦርነት ምክንያት ስለቀረ አያቱን አላገኛትም፤ ስለዚህ በቀጥታ ስርጭቱ ካላየሁ ብላ ነቅታ ጠበቀች። ሊንኩን ለዘመዶቻችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ ላኩ፣ እንዲከፍቱትም አስለማምዷቸው። የእኔን እናት ያለማመዳት የጎረቤት ልጅ ነው። ወንዶቹ ነጭ ሸሚዝና ክራቫት፣ ሴቶቹ እጅጌ ያለው ቀሚስ ለበሱ። እኔ የሐበሻ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ልጄም ሳልጠይቀው ነጠላዬን መድረኩ ሥር አስተካከለልኝ። መጨረሻ ላይ ራቢው ከዚያው ከናሶ ያለውን የካህናት ቡራኬ በተመራቂዎቹ ላይ አነበቡ፤ "እግዚአብሔር ይባርክህ፥ ይጠብቅህም" የሚለውን። እኛ ቤት አርብ ማታ ልጆቻችንን የምንባርክበት ነው፤ ባለቤቴ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አብሮ አለ።

ልጁን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የምታዛውሩ ከሆነ ግን ሥራው አላለቀም። ከትምህርት ቤቱ ሳትለያዩ እነዚህን ያዙ። ሜሪላንድ ውስጥ ከመንግሥት ሃይስኩል ለመመረቅ 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ግዴታ ነው። ከግል ትምህርት ቤት ለሚገባ ልጅ የሚጠበቀው ሰዓት እንደገባበት ክፍል ይቀነሳል፤ ቢሆንም ልጁ በሚድል ስኩል የሠራውን ሁሉ ፈርመው ይስጧችሁ። የእኛ ልጅ ለችግረኞች ምግብ ሲያሽግ የከረመበት ሰዓት ሁሉ የተጻፈው አንዲት አስተማሪ ደብተር ላይ ነበር፤ እሷ ደግሞ በዚያው ሳምንት ሥራ ልትለቅ ነው። ደብተሩ ሳይጠፋ ደረስንበት። ከዚያ ሌላ ውጤቱ፣ የክትባት ወረቀቱ፣ አልጀብራ መውሰዱን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል። ለአዲሱ ትምህርት ቤት የቤት ኪራይ ውል ወይም የቤት ግብር ወረቀት ከእናንተ ይጠበቃል። ለዕብራይስጡ የቋንቋ ክሬዲት ይሰጡት እንደሆነ የሃይስኩሉን አማካሪ ጠይቁ።

የክፍያ ቀሪ ሂሳብ ካለባችሁ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ሳይዘጋ ውጤቱን አይለቁም። አትደበቁ። ሂሳብ ክፍል ገብታችሁ "በየወሩ ይህን ያህል እከፍላለሁ" በሉና በጽሑፍ ተስማሙ። የሚያፍር ሰው ነው ሴፕቴምበር ላይ የሚቸገረው።

በዓላቱንም ከአሁኑ አስቡ። የሞንትጎመሪ ካውንቲ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሮሽ ሃሻና (የአይሁድ አዲስ ዓመት) እና ዮም ኪፑር (የስርየት ቀን) በትምህርት ቀን ሲውሉ ይዘጋሉ። ሱኮት (የዳስ በዓል) እና ሻቩኦት ግን እናንተ ደብዳቤ ጽፋችሁ የምታስቀሩት ነው። ልጁ እስካሁን በዓል ሲሆን ሁሉም ሰው አብሮት ቤቱ ነበር፤ ያመለጠውን ትምህርት ማካካስ የሚባል ነገር አያውቅም።

እኛ ወረቀቱን ለመውሰድ የሄድነው በምረቃው ማግስት፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ረቡዕ ጁንቲንዝ (የባርነት ማብቂያ የሚታሰብበት የአሜሪካ በዓል) ስለሆነ ቢሮው ዝግ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ፀሐፊዋ ለእረፍት ትወጣለች። ፖስታውን እዚያው ቆሜ ከፈትኩት። የክትባቱ ወረቀት የታናሽ እህቱ ነበር። ፀሐፊዋ ሳቀችና ፋይሉን እንደገና ጎተተች። ልጄ በዚህ መሃል ከጓደኛው ጋር ሜዳው ላይ ኳስ ጀምሯል፤ እስኪጨርስ ድረስ ሌላ ግማሽ ሰዓት መኪና ውስጥ ጠበቅኩት።